ማርስ፦ የጦር አምላክ ወይስ የእርሻ ጠባቂ?

ማርስ በጥንት ሮማውያን ሃይማኖት ከዩፒተር ቀጥሎ ከፍተኛውን ክብር የያዘ አምላክ ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሳ የሚታሰበው የራስ ቁር የደፋ፣ ጦርና ጋሻ የያዘ የጦርነት አምላክ ነው። ሮማዊው ግን ማርስን የሚጠራው ለዘመቻ ሲነሳ ብቻ አልነበረም። ገበሬው እህሉን ከዋግ፣ ከብቱን ከበሽታ እንዲጠብቅለት ይለምነው ነበር፤ የሮም ሕዝብም የዘሩ አባት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። እነዚህ መልኮች በአንድ አምላክ ላይ እንዴት ተገናኙ የሚለው ጥያቄ የሮማን ሃይማኖት የሚያጠኑ ሊቃውንትን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። መልሱን ለመፈለግ ከተረቱ ይልቅ ሥርዓቱን መመርመር ይሻላል፤ ሮማውያን ስለ አማልክቶቻቸው ከሚያወሩት ይልቅ ለአማልክቶቻቸው የሚያደርጉት የበለጠ ይናገራልና።

የማርስ አምልኮ በሮም ከተማ የተወሰነ አልነበረም። በኢጣሊያ ይኖሩ የነበሩ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በየቋንቋቸው ያውቁት ነበር። ኦስክኛ ተናጋሪዎቹ ማሜርስ ይሉታል፤ በኡምብሪያ በምትገኘው በጉቢዮ የነሐስ ሰሌዳዎች ላይ ደግሞ ከሦስቱ ዋና ዋና አማልክት አንዱ ሆኖ ተጽፏል። በ1977 እ.ኤ.አ. ከሮም በስተደቡብ፣ በጥንታዊቷ ሳትሪኩም በተደረገ ቁፋሮ አንድ የተጻፈበት ድንጋይ ተገኘ። ቆየት ብሎ ለቤተ መቅደስ ግንባታ እንደ ተራ ድንጋይ ያገለገለ ቢሆንም ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ500 አካባቢ የተቀረጸ ነው፤ ፖፕሊዮስ ቫሌሲዮስ የተባለ ሰው ባልደረቦች ለማርስ ያቆሙት መሆኑን ይናገራል። እነዚህ ባልደረቦች አንድን የጦር አለቃ ተከትለው የሚዘምቱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ማርስን በሚመለከት በእጅ ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ስለሆነ የጦርነት መልኩ ከጊዜ በኋላ የተለጠፈበት አለመሆኑን ያሳያል።

በኢጣሊያ ተራሮች ከሚኖሩት ሕዝቦች የተወረሰ ሌላም ልማድ አለ። ረሃብ ወይም ጦርነት ሲጸና በመጪው ጸደይ የሚወለደው ሁሉ ለአምላክ ይሳላል። ከብቱ ይሠዋል፤ ሕፃናቱ ግን ያድጉና ለአካለ መጠን ሲደርሱ ከአገራቸው ወጥተው ሌላ ምድር እንዲፈልጉ ይሰደዳሉ። እንደ ትውፊቱ መንገዱን የሚመራቸው እንስሳ ነው። ፒኬንቶች የተባሉትን ግንደ ቆርቁር፣ ሂርፒኖችን ተኩላ መርቷቸዋል ይባላል፤ ሁለቱም የማርስ ቅዱሳን እንስሳት ናቸው። በሲሲሊ የመሲናን ከተማ የያዙትና 264 ቅ.ል.ክ. ለጀመረው የመጀመሪያው የካርታጎ ጦርነት ሰበብ የሆኑት ቅጥረኛ ወታደሮችም ራሳቸውን የሚጠሩት ማሜርቲኒ፣ የማርስ ሰዎች እያሉ ነበር።

ሮማውያን ከግሪኮች ጋር እየተቀራረቡ ሲመጡ ማርስን ከአሬስ ጋር አመሳሰሉት። በኢሊያድ ውስጥ አሬስ ደም የጠማው፣ ወላዋይ፣ በገዛ አባቱ በዜውስ ዘንድ እንኳ የተጠላ ነው፤ የግሪክ ከተሞችም ብዙ ቤተ መቅደስ አልሠሩለትም። ማርስ ግን በሮም አባት እየተባለ ይጠራል። የተረት ሀብቱ ግን ትንሽ ስለነበር ሮማውያን ባለቅኔዎች ጎደሎውን ከግሪክ ሞልተውታል፤ ከቬኑስ ጋር በቩልካን መረብ የተያዘበት ታሪክ ከዚያው የመጣ ነው። አሬስን ከራሳቸው አምላክ ጋር ያዛመዱት ደግሞ ሮማውያን ብቻ አይደሉም። የአክሱም ነገሥታት በግሪክኛ ሲያስጽፉ ማሕረም የተባለውን አምላካቸውን አሬስ ይሉት ነበር፤ ኢዛናም ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክኛው የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ተብሏል። በአክሱምም እንደ ሮም የጦሩ አምላክ የነገሥታት አባት መሆኑ ልብ ይሏል።

ከግሪክ ያልተቀዳው የሮማውያን ዋነኛ ታሪክ የሮሙሉስና የሬሙስ ልደት ነው። ለድንግልና የተለየችው ሬአ ሲልቪያ ከማርስ መንታ ወለደች፤ ሕፃናቱ በቲቤር ወንዝ ላይ ሲጣሉ ተኩላ አጠባቻቸው፣ ግንደ ቆርቁርም መገባቸው። በዚህ ትረካ መሠረት እያንዳንዱ ሮማዊ የማርስ ዘር ነው። ነገር ግን ትረካው አንድ ወንድም ሌላውን ገድሎ ከተማ መሠረተ ብሎ ስለሚጨርስ ከክብሩ ጋር ስጋትም አውርሷቸዋል፤ የመሣሪያ ኃይል በወንድማማች መካከል ሲገባ የሚያደርሰውን ሮማውያን ከማንም በላይ ያውቁታል።

የማርስ ዓመት የሚጀምረው በስሙ በተጠራው በማርች ወር ነው። በጥንቱ የሮማ አቆጣጠር የዓመቱ መጀመሪያ ይህ ወር ነበር፤ ቆንስሎች ጃንዋሪ 1 ቀን ሥራ መጀመር የያዙት 153 ቅ.ል.ክ. ላይ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ መንገዱ ይደርቃል፣ ሣሩ ይበቅላል፣ ዘመቻ ይከፈታል። በወሩ መጀመሪያ የማርስ በዓል ይከበራል፤ ፌብሩዋሪ 27 እና ማርች 14 የፈረስ ውድድር፣ ማርች 19 የካህናቱ ጭፈራ፣ ማርች 23 የመለከቶች የማንጻት ሥርዓት ይከናወናል። በሌላው የወቅት ጫፍ፣ ኦክቶበር 15 ፈረስ ይሠዋል፤ ኦክቶበር 19 በአቬንቲን ኮረብታ ላይ የጦር መሣሪያ ከደም ነጽቶ ለክረምት ይቀመጣል። የማርስ አምልኮ እንግዲህ ጦርነትን የሚከፍትና የሚዘጋ የቀን መቁጠሪያ ነበረው።

የዚህ ወቅት ዋና ተዋናዮች ሳሊ የሚባሉት ዘላይ ካህናት ናቸው። በሁለት ማኅበር የተከፈሉ፣ በየማኅበሩ 12፣ ከመሳፍንት ዘር የተመረጡ፣ ሲመረጡም እናትና አባታቸው በሕይወት ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ነሐስ ጥሩር ታጥቀው፣ ጫፉ የሾለ ቆብ ደፍተው፣ መሐሉ የጠበበ ስምንት ቁጥር መሳይ ጋሻ ይዘው በከተማዋ መንገዶች ይዘልላሉ፤ ጋሻውን በበትር እየመቱ ይዘምራሉ። መዝሙሩ ከማርጀቱ የተነሳ በንግግር ጥበብ መምህሩ በኩዊንቲሊያኑስ ዘመን ካህናቱ ራሳቸው እንኳ ትርጉሙን በቅጡ አያውቁትም ነበር፤ ሆኖም አንዲት ቃል መለወጥ አይቻልም።

ስለ ጋሻዎቹ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በንጉሥ ኑማ ዘመን አንድ ጋሻ ከሰማይ ወረደ፤ የሮም ሥልጣን በእሱ ላይ እንደተመሠረተም ተነገረ። ሌባ እንዳይሰርቀው ማሙሪዩስ የተባለ አንጥረኛ ፍጹም የሚመስሉ 11 ጋሻዎች ሠራ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የሰማዩ፣ የትኛው የእጅ ሥራ እንደሆነ ንጉሡም ሊለየው አልቻለም። አንጥረኛው ወርቅ አልጠየቀም፤ ስሙ በመዝሙሩ መጨረሻ እንዲነሳ ብቻ ለመነ፣ ተፈቀደለትም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዮሐንስ ሊዱስ ደግሞ ማሙሪዩስ የሚባል፣ ቆዳ የለበሰ ሰው በማርች ወር በቀጭን ዱላ እየተደበደበ ከከተማ ሲባረር ይገልጻል። የተከበረው አንጥረኛ እንዴት የሚባረር ሰው ሆነ? ብዙዎች የሚባረረው አሮጌው ዓመት ነው ይላሉ፤ አሳማኝ ነው፣ ግን ከማርስ ጋር የሚያያይዘው ገመድ ቀጭን ነው።

ሳሊነት ለይምሰል የተያዘ ማዕረግ አልነበረም። 190 ቅ.ል.ክ. የሮማ ጦር የሶርያውን ንጉሥ አንጥዮኮስን ለመውጋት ወደ እስያ ሲሻገር፣ ሃኒባልን ያሸነፈው ስኪፒዮ አፍሪካኑስ ከሄሌስፖንት የባሕር መተላለፊያ በአውሮፓ በኩል ቀረ። የማኅበሩ አባል ስለሆነ ጋሻዎቹ ከቦታቸው በወጡበት ወር የትም ቢሆን ባለበት መቆየት ነበረበት፤ ጦሩም እሱን ሲጠብቅ ሰነበተ። ከዚያ ቀደም 242 ቅ.ል.ክ. የማርስ ልዩ ካህን የነበረው አውሉስ ፖስቱሚዩስ ቆንስል ሆኖ ወደ ሲሲሊ ሊዘምት ሲነሳ ሊቀ ካህናቱ አገደው፤ መሥዋዕቱን ትቶ ከከተማ መውጣት የለበትም ተባለ። የጦር አምላክ ካህን ከጦርነት መታገዱ አስቂኝ ይመስላል። ለሮማውያን ግን ድሉ የሚገኘው ሥርዓቱ ሳይጎድል ሲፈጸም ነውና ነገሩ ፌዝ የለበትም። የሳሊ ግብዣ ደግሞ ዝነኛ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዩስ በአውግስጦስ አደባባይ ለዳኝነት ተቀምጦ ሳለ ከአጠገቡ ካለው የማርስ ቤተ መቅደስ ለካህናቱ የተዘጋጀው ምግብ ሽታ ደረሰው፤ ችሎቱን ትቶ ሄዶ ከእነሱ ጋር ማዕድ መቅረቡን ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዩስ ጽፏል።

ክርክሩ የተጋጋለው በኦክቶበሩ ፈረስ ላይ ነው። በማርስ ሜዳ ባለ ሁለት ፈረስ ሠረገላዎች ይወዳደራሉ፤ ካሸነፈው ሠረገላ በቀኝ የተጠመደው ፈረስ በማርስ መሠዊያ ላይ በጦር ተወግቶ ይሠዋል። ጭንቅላቱ ተቆርጦ በዳቦ ይሸለማል፤ ከዚያ የሳክራ ቪያና የሱቡራ ሰፈር ሰዎች ይጣሉበታል። የሳክራ ቪያ ሰዎች ካሸነፉ ጭንቅላቱ በንጉሡ ቤት በሬጊያ ግድግዳ ላይ፣ የሱቡራዎቹ ከሆኑ በማሚሊያ ግንብ ላይ ይቸነከራል። ጅራቱን ግን አንድ ሰው ደሙ ሳይደርቅ እየሮጠ ወደ ሬጊያ ያመጣዋል፤ ደሙ በምድጃው ላይ እንዲንጠባጠብ።

ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ቲማዩስ ሮማውያን ከትሮይ ስለመጡ በእንጨቱ ፈረስ እየተበቀሉ ነው ብሎ ነበር። ፖሊቢዩስ ይህን የልጆች ወሬ ነው ብሎ ዘለፈው፤ እንዲያማ ከሆነ ከጦርነት በፊት ፈረስ የሚያርዱ አረማውያን ሁሉ የትሮይ ልጆች ናቸው ማለት ነው። የጥንት ሮማውያን ሊቃውንት ራሳቸው ግን መሥዋዕቱ ለሰብል ነው ብለው አስተላልፈዋል፤ ዳቦውም ይህንኑ ይመሰክራል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ማንሃርትና ተከታዩ ጄምስ ፍሬዘር ከዚህ ተነስተው ፈረሱን የእህል መንፈስ አድርገው ተረጎሙት። ሮሸር በበኩሉ በ1873 እ.ኤ.አ. ማርስን ከአፖሎ ጋር አነጻጽሮ የፀሐይ አምላክ አድርጎት ነበር። ጌዎርግ ቪሶቫ በ1902 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ይህን ሁሉ አልተቀበለም፤ ለእሱ ማርስ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የጦር አምላክ ነው። ከፈረሱ ሥርዓት ጋር የሚመሳሰል፣ ወደ ሰው መሥዋዕት የተጠጋ ክስተትም ፈረሱ በሚሠዋበት ሜዳ ሆኗል፤ 46 ቅ.ል.ክ. ቄሳር ያመፁ ወታደሮችን ሲቀጣ ሁለት ሰዎች በካህናትና በማርስ ልዩ ካህን እጅ በማርስ ሜዳ ተገድለው ጭንቅላታቸው በሬጊያ አጠገብ መሰቀሉን ታሪክ ጸሐፊው ካሲዩስ ዲዮ ጽፏል።

የእርሻ ወገን ዋና ማስረጃ ግን በዓሉ ሳይሆን ካቶ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ የተቀመጠው ጸሎት ነው። ባለ እርሻው የሚጠቡ አሳማ፣ በግና ጥጃ በማሳው ዙሪያ እንዲነዱ ያዛል። አስቀድሞ በወይን ጠጅ ያኑስንና ዩፒተርን ይጠራል፤ ከዚያ አባት ማርስን ይለምናል። የሚለምነውም የሚታይና የማይታይ በሽታን፣ መክሰምንና ጥፋትን፣ ክፉ አየርን እንዲከላከልለት፣ እህሉና ወይኑ እንዲበረክት፣ እረኞቹና ከብቱ፣ ራሱም ቤተሰቡም በጤና እንዲቆዩ ነው። ምልክቱ ካልቀና ሥርዓቱ በሌላ መሥዋዕት ይደገማል፤ ካቶ የውል ሰነድ በሚያዘጋጅ ሰው ጥንቃቄ ነው የጻፈው።

ዦርዥ ዱሜዚል በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትንታኔ የተሻለ መንገድ ያሳያል። በጸሎቱ ውስጥ ማርስ ዘሩን እንዲያበቅል ሳይሆን ጠላትን እንዲመልስ ነው የሚለመነው። ማሳ የሚጠብቅ ሰው ዘር አይዘራም፤ ዳር ቆሞ አውሬና ሌባን ያባርራል። የማርስም ሥራ ይኸው ነው፤ የሚለየው ጠላቱ አንዳንድ ጊዜ ዋግ፣ አንዳንድ ጊዜ ጦር መሆኑ ብቻ ነው። ዱሜዚል ከዚህ አልፎ ዩፒተርን ለንግሥና፣ ማርስን ለኃይል፣ ኩዊሪኑስን ለምርት የሚሰጠው የሦስትዮሽ ንድፉ ብዙ ተቺዎች አሉት፤ ነገሩን ሁሉ ወደዚያ ቅርጽ ማስገባት ይቸግራልና። ስለ ማርስና ስለ ማሳው የተናገረው ግን ያለ ንድፉም ይቆማል።

ምክንያቱም ያው ሦስት እንስሳ የማዞር ሥርዓት በሌላ ስፍራም ይታያል። የሮም ሕዝብ በማርስ ሜዳ ተሰብስቦ ቆጠራ ሲጠናቀቅ አሳማ፣ በግና ኮርማ በሕዝቡ ዙሪያ ይነዱና ይሠዋሉ። በ113 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የትራያኑስ ዓምድ ላይ ደግሞ እንስሳቱ በጦር ሰፈር ቅጥር ዙሪያ ሲዞሩ ተቀርጿል። ማሳው፣ ሕዝቡና ጦር ሰፈሩ በአንድ ሥርዓት ይከበባሉ። ማርስ የሚሠራው በዚያ ክብ ዳርቻ ላይ ነው፤ ጦርነትና እርሻ በእሱ ዘንድ የተገናኙትም ሁለቱም የሚጠበቅ ወሰን ስላላቸው ይመስላል።

የቤተ መቅደሶቹ አቀማመጥም ይህንኑ ያጠናክራል። የማርስ ሜዳም ሆነ 388 ቅ.ል.ክ. ከካፔና በር ውጭ በአፒያ መንገድ ላይ የተመረቀው ቤተ መቅደስ ከቅዱሱ የከተማ ወሰን ውጭ ናቸው። የሕንፃ ሊቁ ቪትሩቪዩስ ምክንያቱን ሲጽፍ በዜጎች መካከል የመሣሪያ ጠብ እንዳይነሳ፣ አምላኩም ከተማዋን ከጠላት እንዲጠብቅ ነው ይላል። በከተማው ውስጥ የነበረው በሬጊያ የተቀመጡት የማርስ ጦሮች ናቸው። ለዘመቻ የሚወጣ የጦር አዛዥ ወደዚያ ገብቶ ጋሻዎቹንና ጦሩን እያነቃነቀ ማርስ እንዲነቃ ይጠራው ነበር። ጦሮቹ ሳይነኩ ከተንቀሳቀሱ ግን ከባድ ምልክት ነው፤ 99 ቅ.ል.ክ. ተንቀሳቀሱ ተብሎ ሴኔቱ መሥዋዕት አዘዘ፣ ቄሳር ሊገደል አንድ ሌሊት ሲቀረውም በቤቱ የተቀመጠው የማርስ መሣሪያ ሲንኳኳ ተሰማ ይባላል።

ይህን አሮጌ ጥንቃቄ የገለበጠው አውግስጦስ ነው። 42 ቅ.ል.ክ. በፊሊጲ የቄሳርን ገዳዮች ሲወጋ ለበቀለኛው ማርስ ቤተ መቅደስ ተሳለ፤ የተመረቀው ግን 40 ዓመት ቆይቶ 2 ቅ.ል.ክ. ነበር። በዚህ መሐል የበቀሉ ዒላማ ተለወጠ። የሮማ የጦር አዛዥ ክራሱስ 53 ቅ.ል.ክ. በካሬ ሲሸነፍ ፓርቲያውያን የማረኩት የጦር ዓርማ 20 ቅ.ል.ክ. በድርድር ተመልሶ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ተቀመጠ፤ የእርስ በርስ ጦርነት በቀል በውጭ ጠላት ላይ በተገኘ ክብር ተሸፈነ። ሕንፃው በከተማው መሐል፣ ከቄሳር አደባባይ አጠገብ ነው የተሠራው። ሴኔቱ ስለ ጦርነትና ስለ ድል ሰልፍ እንዲመክርበት፣ ገዥዎች ወደ አገረ ገዥነታቸው ሲሄዱ እንዲሰናበቱበት፣ ወጣቶችም የወንድ ልብስ ሲለብሱ እንዲመጡበት ተደነገገ። እስከዚያ ድረስ የዩፒተር የነበረውን ድርሻ ማርስ ተካፈለ ማለት ነው። አደባባዩ የጠበበው አውግስጦስ የጎረቤቶቹን ቤት በግድ ለመውሰድ ስላልደፈረ ነው ይላል ስዌቶኒዩስ። ከቤተ መቅደሱ ዓምዶች ጥቂቱ እስካሁን ቆመው ይታያሉ።

ከዚያ በኋላ ማርስ ከጦሩ ጋር ወደ ግዛቶቹ ሁሉ ተጓዘ። በኤፍራጥስ ዳር በዱራ ኤውሮፖስ የተገኘ የ3ኛው ክፍለ ዘመን ፓፒረስ የአንድ ጦር ክፍል የበዓላት ዝርዝር ሲሆን ማርች 1 ቀን ለአባት ማርስ ኮርማ እንዲሠዋ ያዛል። በምዕራብ ደግሞ የአካባቢው አማልክት ስሙን ተዋሱት። በትሪየር ሌኑስ ማርስ ሕሙማን የሚጎርፉበት ፈዋሽ ሆነ፤ በብሪታንያ በሃድሪያኑስ ግንብ ላይ ከጀርመን ምድር የመጡ ወታደሮች ማርስ ቲንክሱስ ብለው መሠዊያ አቆሙለት። ፈዋሹ ማርስ እንግዳ ይመስላል፤ ካቶ በሽታን እንዲመልስ የለመነውን አምላክ ለሚያስታውስ ግን አይደለም።

ፍጻሜው ቀስ በቀስ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ማክሰንቲዩስ (የነገሠው 306–312 እ.ኤ.አ.) ከቆንስታንቲኖስ ጋር ከመዋጋቱ በፊት በሮም አደባባይ ላይ ለማይሸነፈው አባት ማርስና ለዘላለማዊቷ ከተማ መሥራቾች ሐውልት አቆመ። የ354 እ.ኤ.አ. የቀን መቁጠሪያ፣ ምንም እንኳ ለአንድ ክርስቲያን የተዘጋጀ ቢሆን፣ የማርስን ልደትና የማሙሪዩስን ቀን አሁንም ይዘግባል። በ382 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ግራቲያኑስ ለአረማዊ ካህናት የሚሰጠውን የመንግሥት ገንዘብ አቋረጠ፤ ከ391 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴዎዶስዮስ መሥዋዕቱን በሕግ ከለከለ። ፈረስ የሚያርድ፣ ጋሻ የሚመታ ካህን ከዚያ በኋላ አልተሰማም፤ የወሩ፣ የማክሰኞ የላቲን መጠሪያና ቀዩ ፈለክ ግን የማርስን ስም እንደያዙ ቀሩ።